ስለ በራዱ ክዳን የቀረበ አቤቱታ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ቀለሙ በለቀቀ ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ መቀመጥ የማይሆንለት አንድ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጧል። ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሥራው ከወንበር ጋር አቆራኝቶታል፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን መንገድ ይሄዳል። ጉልበቱ ይርገበገባል፣ ተረከዙ አስፋልቱን ይደበድባል፣ የጽሕፈት መኪናው ደወል ሳይነካ ያቃጭላል።

«ጋሽ ይወሰንልኝ፣ እግርህን ያዝልኝ እንጂ! ማሽኔ ሰውን ሁሉ መንታ አድርጎ እያነሣው ነው» ትለዋለች፣ ከጎኑ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሴትዮ።

«አልያዝ አለኝ፣ እህቴ። ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ የሚሄድ እግር ነው የተሰጠኝ።»

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማመልከቻዎቹ ሁሉ «…እንዲወሰንልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብለው ስለሚያልቁ፣ ዘበኞቹም የችሎት ጸሐፊዎቹም «ጋሽ ይወሰንልኝ» ይሉታል። ልጅ ሆኖ ዘፈን እየሰማ ነው ያደገው። ባለጉዳይ ሲጠፋ በከንፈሩ ጫፍ ያንጎራጉራል፦

ልቤ እንደ ቄጠማ ይነቃነቃል፣
ነፋሱ ሳይመጣ መምጣቱን ያውቃል።

በሙያው አንድ ሕግ አለው፤ በባለጉዳይ አይስቅም። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ሰው ጎረቤቱ መጥረጊያውን ወስዶ እንዳስቀረበት ሊከስ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ወጣት ነበርና ሳቅ አመለጠው። ሰውየው አልተቆጣም። ኮፍያውን አነሣ፣ «እኔ እኮ የሚሰማኝ አገኘሁ ብዬ ነበር» አለና ሄደ። ያቺ ጀርባ እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ የሰው ነገር ትንሽ ነው ብሎ አያውቅም። ዶሮም ትጥፋ፣ የልብስ ማስጫ ገመድም ይበጠስ፣ ፊቱን አጥቁሮ ያዳምጣል፤ ከዚያ ያንን ነገር በቃል ላይ ቃል እየደረበ ከፍ ያደርገዋል። ጽፎ ሲጨርስ ብድግ ይልና ጮክ ብሎ ለባለጉዳዩ ያነብለታል። ሰው የገዛ በደሉን በዚያ ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ቀና ይላል። ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ለዚያች ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል።

የእሱ ምኞት ግን ከአጥሩ ወዲያ ነበር። ጣሪያ ያለው ክፍል፣ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመላለሰው ለዚሁ ነው። በዚህ ዓመት ደግሞ ፍርድ ቤቱ የአስተርጓሚ ቦታ ማስታወቂያ አወጣ፤ የእንግሊዝኛ ዲግሪ ያለው፣ ወሩ ሳያልቅ ማስረጃውን የሚያቀርብ። ጋሽ ይወሰንልኝ አንድ ትምህርት ብቻ ቀርቶታል። ያንን አንድ ትምህርት ግን አንዴ ወድቆበታል፤ ሁለቴ የወደቀ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል። ስምንት ዓመት፣ በአንዲት ግጥም ምክንያት፣ ውሃ ሊበላው ነው።

ግጥሟ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት የእንግሊዝ ግጥም ናት። ነገሯ እንዲህ ነው። በአንዲት ወይዘሮ ቤት የሻይ ግብዣ ላይ የሸክላው በራድ ክዳን ወድቃ ትሰበራለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ናት የሰበረችው የሚሉና ነፋስ ነው የሚሉ ለሁለት ይከፈላሉ። መናፍስት ከደመና ወርደው ጎራ ይለያሉ። ማንኪያ እንደ ጦር ይመዘዛል፣ ትሪ እንደ ጋሻ ይነሣል፣ ስኳር እንደ በረዶ ይዘንባል። በአራተኛው ክፍል መጨረሻ፣ በየቀኑ አብረው ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሁለቱ ወይዘሮዎች በሠረገላ ይተላለፋሉ፤ አንዷም አንዷን ቀና ብላ አታይም።

ጋሽ ይወሰንልኝ መዝገበ ቃላቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በባለጉዳይና በባለጉዳይ መካከል ቃል በቃል ቆፍሮ አነበባት። ሠረገሎቹ ጋ ሲደርስ እንባው መጣ። ከዚያ የሚያውቀውን አደረገ። በእንግሊዝኛ፣ አሥራ ሁለት ገጽ፣ የክዳኗን ባለቤት ወክሎ የክስ አቤቱታ ጻፈ። የምስክሮች ዝርዝር አያያዘ። ነፋስ መጥሪያ ሊደርሰው እንደማይችል በግርጌ ማስታወሻ ገለጸ። ካሣ ጠየቀ። በመጨረሻም በትሕትና አመለከተ።

ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘ።

መምህርቷ ከልጁ የምታንስ፣ መነጽሯን በጣቷ የምትገፋ ልጅ ናት። ተማሪው ሲወጣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አለችው። «ይህን ግጥም ሲያነቡ ስንት ጊዜ ሳቁ?»

«መሳቅ?» ጋሽ ይወሰንልኝ ደነገጠ። «ምነው መምህር! ንብረት ወድሞ፣ ሁለት ቤት ተቆራርጦ፣ ምን ልቤ ቢደነድን እስቃለሁ? እንዲያውም አልቅሻለሁ።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። «ፌዝ እኮ ነው፣ ጋሼ። ገጣሚው የጥንት ጀግኖች የሚወደሱበትን ቋንቋ አንሥቶ ለበራድ ክዳን አለበሰው። ለጉንዳን የጄኔራል ካፖርት እንደማልበስ ይቁጠሩት። ካፖርቱ ትልቅ፣ ጉንዳኗ ትንሽ። ሳቁ መሃሉ ላይ ባለው ክፍተት ነው።»

«ጉንዳኗስ ከበረዳት?»

መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት አስተካከለች፤ አስተካክላም እንደገና አበላሸችው። «ድጋሚ ፈተናው በቃል ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ እኔና ፕሮፌሰሩ ነን የምንፈትንዎ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ግጥም ለምን ያስቃል? አሁን ያሉኝን ደግመው እዚያ ካሉ እኔ ላድንዎ አልችልም፤ ከወዲሁ ይወቁት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱም ዕረፍት አጣ። ሚስቱ በመስኮቱ በኩል የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፤ እሱ ከበሩ እስከ ቁም ሣጥኑ፣ ከቁም ሣጥኑ እስከ በሩ ይመላለሳል።

«አንተ ሰው፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ» አለችው ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «የታች ቤት ሰዎች ነገ አንተን ሊከሱ፣ ‹ጻፍልን› ብለው አንተው ጋ ነው የሚመጡት።»

«ስሚኝማ። ልተርጉምልሽ። የሚያስቀው ጋ ስደርስ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

«ክዳኗ ወደቀች።»

«እሺ።»

«ማንኪያቸውን መዘዙ። መቶ ማንኪያ በፀሐይ አብረቀረቀ።»

«ያን ሁሉ ማንኪያ ማን ሊያጥበው ነው?»

ይህን በጥሞና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሚስቱ መኪናዋን አቁማ ፊቱን አየችው። እንዲህ ሆኖ የሚያውቀው የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ፣ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነበር። «የኔ ጌታ፣ ሳቅ እኮ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ተጠርቶ አይመጣም። ቁጭ በል፣ እስኪ።»

ቁጭ አለ። እግሩ ግን አልተቀመጠም።

ሞክሮም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የሚስቁ ሰዎችን እየሰለለ ምን እንዳሳቃቸው ጻፈ፤ ተመልሶ ሲያነበው የማንም ሳቅ ለማንም አይሆንም። አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ «ሃ ሃ» ቢል የገዛ ድምፁ አስፈራው። አንዱ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አንዲት ሴት መጣች። ጡረታ የወጣች የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ናት፤ ንግግሯ ጥርት ያለ፣ በመስመር ላይ ያለች ይመስል። ጉዳይዋን ተናገረች። ከእሷ ትይዩ የምትኖረው ጎረቤቷ፣ እሷ በገዛ በሯ ላይ ያነጠፈችውን የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ጠዋት ጠዋት በጫማዋ እየገፋች አንድ ስንዝር ታርቅባታለች። ሴትዮዋ ትመልሰዋለች፤ ጎረቤቷ ትገፋዋለች። ይኸው አራት ወር።

ጋሽ ይወሰንልኝ ፊቱን እንደ ልማዱ አጠቆረ። ጻፈ። ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ፦

«አመልካች ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በቅን ልቦና፣ ያለ ማንም ተቃውሞና ሁከት በይዞታዬ ሥር አድርጌ የተገለገልኩበትን የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ፣ ተጠሪ ባልታወቀ ኃይል ተነሣሥተው፣ ፀሐይ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በጫማቸው ጫፍ ወደ ደረጃው አፋፍ በማሳደድ፣ ከጥንት ወሰኑ አፈናቅለው…»

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። «ከጥንት ወሰኑ» የሚለው ቃል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከሥሩ ያቺ ምንጣፍ እየዳኸች ስትሄድ ታየችው። መናፍስቱ ወረዱ። ማንኪያዎቹ አብረቀረቁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ካፖርት ሰፊ ኖሯል! ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻው ተከተለ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣበት። ጃንጥላው ተናወጠ። ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሴትዮ የማሽኗን ክዳን እንደያዘች ቀረች፤ እሱ ሲስቅ አይታ አታውቅምና ታሞ መሰላት።

«በእኔ ነው?» አለች ባለጉዳይዋ ቀስ ብላ።

«አይደለም፣ እትዬ! በ… በበራዱ ክዳን ነው!»

«የምን በራድ? እኔ በራድ አመጣሁ?»

ይህ ደግሞ ሳቁን አባሰበት። ሴትዮዋ ያልተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ሄደች። ጀርባዋን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

የዚያን ቀን ሌላ ባለጉዳይ አላነጋገረም። የፈለገውን አግኝቷል፤ ያገኘበት መንገድ ግን እንደ እሾህ ወጋው። ደስታውና እፍረቱ አንድ ወንበር ላይ ተጋፍተው አላስቀምጥ አሉት።

በማግስቱ ማመልከቻው ላይ በጻፈው አድራሻ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ። ሁለት በሮች ትይዩ፣ ሁለት ምንጣፎች፣ አንዱ ቡናማ አንዱ አረንጓዴ። በቡናማው አጠገብ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ፣ የወለሉ ቀለም አንድ ስንዝር ያህል ነጣ ብሎ ይታያል። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ አንኳኳ።

«ስቀህ ጨረስክ?» አለችው በሩን በግማሽ ከፍታ።

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው አንቺ ላይ የወጣው። ሌላ ማመልከቻ ልጽፍልሽ ነው የመጣሁት። ቀላል፣ አጭር፣ ማንም የማይስቅበት።»

ሴትዮዋ በሩን ለቀቀች፤ ግን ግባ አላለችውም። «ለምንጣፉ ማን ገደደው!» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት በሮቻችንን እኩል ነበር የምንከፍተው። ‹እንዴት አደርሽ› ስትለኝ ነው ቀኔ ቀን የሚሆነው። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ድምፄን የምሰማው ለእሷ ስመልስ ብቻ ነው። አሁን በምን እንደተቀየመችኝ ሳላውቅ፣ ምንጣፌን ገፍታ አንገቷን አዙራ ትወርዳለች። ይህ እንዴት ይከሰሳል? ‹ሰላምታዬን ትመልስልኝ› ይባላል?»

«አይባልም። አንቀጽ የለውም።»

«ታዲያ እኔ ያለኝ ምንጣፉ ነው።»

ጋሽ ይወሰንልኝ ደረጃው ላይ ቆሞ የግጥሟን ሁለት ሠረገሎች አየ። ሲያልፉ ድምፃቸውንም የሰማ መሰለው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «እንግዲያው በአጭሩ ‹ጎረቤቴ ምንጣፌን ትገፋብኛለች› ብለን…» ማለት ሲጀምር ሴትዮዋ አቋረጠችው።

«እንዳትነካው! ያ የትላንቱ የታለ? ‹ያለ ማንም ተቃውሞና ሁከት› የሚለው? ከእሱ አንዲት ቃል እንዳታነሣ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ሳገናኝ ኖርኩ፤ ስለ እኔ እንደዚያ ተብሎ ተጽፎም ተነግሮም አያውቅ። ደግመህ አንብብልኝ። ካሳቀህ ሳቅ፤ ግን ጨርሰህ ነው።»

የትላንቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አነበበላት። ድምፁ በደረጃው ላይና ታች አስተጋባ። «በጫማቸው ጫፍ… በማሳደድ» ሲል ሴትዮዋ ራሷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ዓይኗ ረጠበ። ከትይዩው በር ጀርባ የወለል ሳንቃ ሲጮህ ሁለቱም ሰሙ። በሩ አልተከፈተም። ሴትዮዋ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች።

ሐሙስ ደረሰ። የፈተናው ክፍል ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የማይዘጋ መስኮት። መምህርቷ ብዕሯን ታሽከረክራለች። ፕሮፌሰሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሻያቸውን ፊታቸው አስቀምጠው እንፋሎቱን ያያሉ።

«እሺ። ይህ ግጥም ለምን ያስቃል?» አሉ።

«ቃሉ ትልቅ፣ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው ይላሉ» አለ ጋሽ ይወሰንልኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔ… ትንሿ ክዳኗ ናት እላለሁ። ነገሩ ትንሽ አይደለም። ነገሩ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ዋናውን የሚናገሩበት አፍ ስለሌላቸው ነው ክዳኗን የሚያነሡት። ገጣሚውም ይህን ያውቃል፤ ያን ሁሉ ሲያስቀን ቆይቶ መጨረሻ ላይ ያለ ሰላምታ ያሳለፋቸው ለዚያ ነው።»

መምህርቷ ብዕሯን ማሽከርከር ተወች። ፕሮፌሰሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ ልቅሶው ነገሩኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ሳቁ ነው። መረዳትዎን አሳዩኝ። ምሳሌ፣ ከራስዎ።»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። የምንጣፉ ማመልከቻ እዚያ አለ። ቢያነበው እንደሚስቁ ያውቃል፤ ጥርጥር የለውም። ጣቱ ወረቀቱን ነካ። ከታች የፈረመችበት ቦታ፣ ብዕሩ ግድግዳው ላይ ተጭኖ የበሳት ቀዳዳ በጣቱ ጫፍ ተሰማችው። ለማያውቋት ሁለት ሰዎች፣ ለእሱ ማርክ ሲባል? እጁን ባዶውን መለሰ። ተረከዙ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ሲደበድብ ሰማው።

ብድግ አለ።

«አመልካች» አለ በዚያ በአጥሩ ሥር ድምፁ፣ «ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት፣ በአንዲት ጃንጥላ ግዛት ውስጥ፣ ፀሐይና ዝናብ በየተራ እየወረሩኝ፣ ያለ ረዳት ጦር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና ብቻ ታጥቄ የቆየሁ ስሆን፤ ተጠሪ የሆነው የገዛ እግሬ ግን ከፈቃዴ ውጭ በየዕለቱ እያመፀ፣ የጎረቤትን ፎቶ ኮፒ እያናወጠ፣ የባለቤቴን ወለል እየፈጀ፣ እነሆ በዚህ ክቡር ጉባኤ ፊት እንኳ እጁን — ማለትም ጣቱን — ለሰላም ሊሰጥ ስላልፈቀደ…»

ሁለቱም ፈታኞች ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ተጠሪው ሥራው ላይ ነበር። መጀመሪያ መምህርቷ ሳቋን ለቀቀችው። ፕሮፌሰሩ ሊታገሡ ሞከሩ፤ ሻዩ ከብርጭቆው ላይ ሞገድ እየሠራ ወደ ወረቀታቸው ሲፈስ አልቻሉም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ተንከተከቱ።

«…ተጠሪ ከአመልካች ጋር እንዲታረቅ፣ ይህ ባይቻል ሁለቱም አንድ ላይ ከአጥሩ ወዲያ ገብተው እንዲያርፉ እንዲወሰንልኝ» አለና፣ ሳይስቅ ጨርሶ ተቀመጠ።

ስልሳ አራት አገኘ። ማስረጃው ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ በሚቀጥለውም ወር ተቀጠረ።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያ አለው፣ ሦስት መሳቢያ አለው፣ ከመሳቢያዎቹ አንዱ ይቆለፋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ደብዳቤ ይተረጉማል። ደብዳቤዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ትንሹን ነገር በትንሽ ቃል፣ ትልቁንም ነገር በትንሽ ቃል የሚናገሩ። የምንጣፉ መዝገብ ለዕርቅ መመራቱን ከመዝገብ ቤት ሰምቷል፤ ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያው ቀጠሮ በአንድ ታክሲ መጡ አሉ፣ ሳይነጋገሩ።

መስኮቱ ወደ አጥሩ ነው። ጃንጥላውንና የጽሕፈት መኪናውን ፎቶ ኮፒ ለምታነሣው ሴትዮ ትቶላት ገብቷል፤ አሁን ሁለቱንም ሥራ እሷ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ለባለጉዳይ ስታነብ ድምፅዋ ሽቅብ ይመጣበታል። ያን ጊዜ ብዕሩን ያስቀምጣል። ይነሣል። ይቀመጣል። እንደገና ይነሣል።

ዛሬ ስለ አንድ ጣሪያ ፍሳሽ ነበር። ሴትዮዋ «…ተጠሪ ሆን ብለው የሰማይን ውሃ በአመልካች ምግብ ቤት ላይ በማዝመት…» ብላ ስትንደረደር፣ ጋሽ ይወሰንልኝ በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጣ።

«በቀስታ! ‹በማዝመት› ካልሽ በኋላ ትንፋሽ ውሰጂ! ሰውየው ይስማው!»

ባለጉዳዩ አንጋጦ አየ። ሴትዮዋም ወረቀቱን ዓይኗ ላይ ጋርዳ አንጋጠጠች።

«ጋሽ ይወሰንልኝ፣ ወይ ውረድ ወይ ዝጋው!»